ወይዘሮ ዐዚዛ ሐረር ያስገቡት ስም

በ1954 ዓ.ም. ፈረስ መጋላ አደባባይ መሐል ቆሞ «ኮኖር!» ብሎ የተጣራ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ቢያንስ ሦስት ልጆች ዞር ይሉለት ነበር። አንዱ ከልብስ ሰፊዎቹ መንገድ፣ አንዱ ከፈላና በር፣ አንዱ ደግሞ ከእናቱ ጋር ጫት ይዞ ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ የወረደ። ስሙ የሐረሪ አይደለም፣ የኦሮሞ አይደለም፣ የአማራ አይደለም፣ ዐረብም አያውቀውም። የአየርላንድ ስም ነው። አየርላንድ በየት በኩል እንደሆነች ግን ከልጆቹ እናቶች አንዷም አታውቅም ነበር።

ስሙን ሐረር ያስገቡት አዋላጇ ወይዘሮ ዐዚዛ ናቸው። ታሪኩን ሲያወሩ ሳቃቸው ይቀድማቸዋል። ያኔ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረውም፤ ያ ስም ለአንድ ሳምንት ያህል ሥራቸውንም ክብራቸውንም ሊያሳጣቸው ደርሶ ነበር።

ወይዘሮ ዐዚዛ በግንብ የታጠረው የአሮጌው ከተማ፣ የጀጎል ልጅ ናቸው። ፈላና በር አጠገብ ተወልደው እዚያው ተድረው እዚያው ባላቸውን ቀብረዋል። አዋላጅነቱን ከእናታቸው ነው የተማሩት። ጣልያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከግንቡ ውጪ ያለው ሆስፒታል አልጋ ዘርግቶ ቢጠብቅም የጀጎል ሴቶች ወደዚያ አንሄድም አሉ። ለምን ሲባሉ፣ የራሳችን ሰው የሌለበት ቤት ገብተን እንዴት እናምጣለን አሉ። ሐኪሞቹ የራሳቸው ሰው ማን ናት ብለው ሲያጠያይቁ ሁሉም በር ወደ ዐዚዛ አመለከታቸው። እንዲህ ሆነና በ1946 ዓ.ም. ወይዘሮ ዐዚዛ ከጠባቡ ሱሪያቸውና ከቀሚሳቸው ላይ ነጭ ጋዋን ደርበው የሆስፒታል ሠራተኛ ሆኑ። ሰፈሩ «ዶክተራችን» እያለ ይቀልድባቸው ነበር። እሳቸውም ቀልዱን አልጠሉትም፤ ጋዋኑን ሳያወልቁ ገበያ የሚያልፉበት ቀን ነበር አሉ።

ሚስ ኖራ የመጣችው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ነርስ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ፊቷ ላይ ጤፍ የተበተነ የሚመስል ነጠብጣብ ነበራት። ቁጡ ሰው አልነበረችም። የሚያስቆጣት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንግሊዝ ሲሏት። የሆስፒታሉ ዘበኛ ይህን ካወቀ ወዲህ በየጠዋቱ «እንደምን አደሩ፣ የእንግሊዟ ሲስተር» ይላታል። እሷም ኮሪደሩ ጫፍ ደርሳ እንኳ ቢሆን ዞር ብላ «አየርላንድ!» ሳትል አታልፍም።

ይህች ሴት አንድ ልማድ ነበራት። ምጥ ሲከብድ፣ ወይም ልጁ ወጥቶ ሳያለቅስ ሲቀር፣ ጀርባውን በጨርቅ እያሸች በሹክሹክታ «ኮኖር… ና ኮኖር… ኮኖር» ትላለች። ልጁ ወንድ ይሁን ሴት፣ የሙስሊም ይሁን የክርስቲያን፣ ለሁሉም ያው ነው። ልጁ ሲጮህ ደግሞ ዐይኗን ለአፍታ ትጨፍናለች።

ሐረር ውስጥ ላደገ ሰው ይህ ምንም ማብራሪያ የማያስፈልገው ነገር ነው። ጀጎል በየጥጉ የወሊይ፣ የቅዱስ ሰው መቃብር ያለበት ከተማ ነው። ከዐረብ አገር የመጡ አሉ፣ ከሶማሌ የመጡ አሉ፣ ከየት እንደመጡ የማይታወቁም አሉ። ምጥ የያዛት ሴት ቤተሰቦቿ የሚያከብሩትን ወሊይ ስም ትጠራለች፤ አዋላጇም አብራ ትጠራለች። ስለዚህ ወይዘሮ ዐዚዛ ነገሩ ወዲያው ገባቸው፤ ይህች ሴት የአገሯን ወሊይ እየጠራች ነው። ሰው ከወሊዩ ጋር ያለውን ነገር ደግሞ ማንም አይጠይቅም፤ ነውር ነው። አራት ዓመት ሙሉ አብረው ሲሠሩ አንድ ቀን እንኳ «ኮኖር ማነው?» አላሏትም።

በ1949 ዓ.ም. ኸዲጃ የምትባል የሐኪም ጋራ ገበሬ ሚስት ልትወልድ መጣች። ሚስ ኖራ ሌላ ክፍል ውስጥ ሐኪሙን ቀዶ ጥገና ላይ እያገዘች ነበር። ልጁ ወጣ፤ ወንድ ነው፤ ዝም አለ። ወይዘሮ ዐዚዛ አሹት፣ ገለበጡት፣ አፉን ጠረጉት፣ የሚያውቋቸውን ወሊዮች ሁሉ ከአንድ እስከ መጨረሻው ጠሩ። ዝም። ከዚያ ምላሳቸው ራሱ ሄዶ «ኮኖር!» አለ። ልጁ አስነጠሰና ቤቱን በጩኸት ሞላው።

ኸዲጃ እንባዋን እየጠረገች ማንን ነው የጠሩልኝ አለቻቸው። እሳቸውም የአየርላንድ ወሊይ ነው አሉ። ስሙ ያን ቀን ወጣ።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው! ኸዲጃ ገበያ ላይ አወራችው፤ ገበያው ለጀጎል አወራው። በአምስት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ኮኖሮች ተቆጠሩ። ብርነሽ የምትባል የፖሊስ ሚስት እንኳ፣ ልጇን በክርስትና ስም ብታስጠምቀውም ቤት ውስጥ ኮኖር ነበር የምትለው። ወይዘሮ ዐብላ የተባሉት የሰፈሩ ትልቅ ሴት፣ ሠርግ ይሁን ለቅሶ እሳቸው ካልተቀመጡበት ማኅበር የማይባልላቸው፣ የመጨረሻ ልጃቸውን ኮኖር ሲሉ ደግሞ ስሙ ከሩቅ አገር የመጣ የክብር ዕቃ ሆነ። ሚስ ኖራ ይህን ሁሉ ሳታውቅ በ1952 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመለሰች።

አሁን ወደ ጭንቁ እንምጣ። የወይዘሮ ዐዚዛ አንድ ልጃቸው ፋጡማ ናት። ዑመር የሚባል ባለሱቅ አግብታ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም አጥታለች። ለሦስተኛ ጊዜ ስታረግዝ እናቷ ራሳቸው እንዲያዋልዷት፣ ወንድ ከሆነም ኮኖር እንዲባል ቃል አስገባቻቸው። የዑመር አባት ሐጂ ዐብዱረዛቅ ናቸው። ንግግራቸው አጭር፣ ዕውቀታቸው ሰፊ፣ ሲቆጡ ድምፃቸው ከፍ ሳይል ዝቅ የሚል ሰው ናቸው። ፋጡማ ስድስተኛ ወሯን ስትይዝ አማቻቸውን ወይዘሮ ዐዚዛን አስጠሩና፣ ይህ ኮኖር የምትሉት ማነው፣ ስሙስ ምን ማለት ነው ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ ዐዚዛ ወሊይ ነው አሉ። የት ተቀበረ? አላውቅም። ማን አስተማረው? አላውቅም። ሐጂም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልጁ በተወለደ እስከ ሰባተኛው ቀን መልሱን አምጪ፣ ካላመጣሽ ስም የማወጣው እኔ ነኝ፤ የሌሎቹም ልጆች ስም እንዲቀየር ለወላጆቻቸው እነግራለሁ አሉ።

የሐጂ ዐብዱረዛቅን ቃል ጀጎል ውስጥ የሚያልፍ የለም። ሐጂ «ዐዚዛ የማታውቀውን ነገር በልጆቻችን ላይ አወጣች» ካሉ፣ ማን ከእንግዲህ ልጁን በእሳቸው እጅ ያስወልዳል? ወይዘሮ ዐዚዛ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ጸሐፊ፣ ወደ ጌታቸው ሄዱ። ጌታቸው እንግሊዝኛ ያውቃል፤ የሚስ ኖራ አድራሻም መዝገቡ ውስጥ አለ። ደብዳቤው ተጻፈ። አሥራ አንዱ ልጆችም በስም በስማቸው፣ ማለትም ኮኖር፣ ኮኖር፣ ኮኖር እየተባሉ፣ ከእናቶቻቸው ስም ጋር ተዘረዘሩ።

አንድ ወር አለፈ፤ መልስ የለም። ሁለት ወር፤ የለም። ወይዘሮ ዐዚዛ ጠዋት ጠዋት ጋዋናቸውን ከመልበሳቸው በፊት የጌታቸውን በር ከፍተው ዐይን ዐይኑን ያያሉ፤ እሱም ራሱን ይነቀንቃል። በመጨረሻ ፋጡማ ወለደች፤ ወንድ። ልጁ ወጥቶ ለአፍታ ዝም ሲል እናቲቱ ከአልጋው ላይ፣ አያቲቱ ከግርጌ፣ እኩል «ኮኖር!» አሉ፤ ልጁም መለሰ። ደስታ ሆነ። ወይዘሮ ዐዚዛ ግን እያለቀሱም ቀን ይቆጥሩ ነበር።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በአራተኛው ቀን ጌታቸው ራሱ እየሮጠ መጣ፤ ሲሮጥ አይተውት አያውቁም። ፖስታው ወፍራም ነው። ባዶ ክፍል ፈልገው ገቡና በሩን ዘጉት። ጌታቸው ለራሱ አንድ ገጽ አነበበ፣ ፈገግ አለ። ሁለተኛውን ገለጠ፣ ፈገግታው ጠፋ። ወይዘሮ ዐዚዛ እጁን ያዙት፤ እንዳለ አንብብልኝ አሉት።

ሚስ ኖራ የጻፈችው ይህን ነው። ኮኖር ወሊይ አይደለም፤ ታናሽ ወንድሟ ነው። እሷ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ዝናብ ወንዙን ሞልቶት አባቷ አዋላጅ ሊጠራ በብስክሌት ወጥቶ ሲዘገይ፣ እናቷ ቤት ውስጥ ወለደች። ልጁ አልጮኸም። ስሙን አስቀድመው መርጠውለት ስለነበር፣ ኖራ በዱቄት ከረጢት ጨርቅ እያሸች እስኪጮህ ድረስ በስሙ ጠራችው። በሕይወቷ መጀመሪያ በእጇ የተቀበለችው ሕፃን እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ልጅ ዝም ባለ ቁጥር አፏ ሌላ ቃል አያውቅም። ኮኖር አሁን ከብት ይጠብቃል፤ እሑድ እሑድ ኳስ ይጫወታል፤ ጎል ሲሳትም አፉ ክፉ ነው። ሐረር ውስጥ አሥራ አንድ ሞክሼ እንዳለው ስትነግረው አላመናትም፤ ዝርዝሩን ስታሳየው ኪሱ ከተተው፤ አሁን ለመንደሩ ሁሉ እያሳየ ነው።

ስሙ በአገሯ የቆየ ነው። ድሮ የንጉሥ ስም ነበር። እንግሊዝ ሲገዛቸው ብዙ ሰው የእንግሊዝን ስም ማውጣት ጀመረ፤ ነጻ ከወጡ በኋላ ግን የአያቶቻቸውን ስም መልሰው ያነሡ በዙ። ወንድሟ የተማረበት ክፍል ውስጥ አራት ኮኖሮች ስለነበሩ አስተማሪው በቁጥር ነበር የሚጠራቸው። ትርጉሙን በተመለከተ፣ አዋቂዎች እንደሚሉት፣ ኮኖር ማለት አዳኝ ውሾችን የሚወድ ማለት ነው። በጥንት ዘመን እነሱ ዘንድ ጀግናን ውሻ ማለት ማሞገስ ነበር።

ከአሥራ አንዱ ልጆች የሚበዙት ውሻ ደጃፍ የማያልፍባቸው፣ ምላሱ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ የሚታጠብባቸው ቤቶች ልጆች ናቸው። ወሊይ የተባለው ከብት ጠባቂ ሆኖ፣ ትርጉሙ ደግሞ ውሻ ወዳድ!

ጌታቸው ድምፁን ቀነሰ። «ወይዘሮ ዐዚዛ፣ ይህን ደብዳቤ ማንበብ የምችለው እኔ ነኝ። የንጉሥ ስም ነው ተብሏል አይደል? እውነት ነው። እዚያ ላይ ብናቆመውስ?»

ወይዘሮ ዐዚዛ ደብዳቤውን ተቀብለው አጣጠፉት። «ልጄ፣ እኔ ሳላውቅ ወሊይ ነው አልኩ፤ ያ ስሕተት ነው። አሁን አውቄ ዝም ካልኩ ግን ሌላ ነገር ነው። እነዚያ ሴቶች በራቸውን ዘግተው ሰውነታቸውን ለእኔ የሚሰጡት የምነግራቸውን ስለሚያምኑ ነው።» ሰባተኛው ቀን እስኪደርስ ሁለት ሙሉ ቀን ቀርቷቸዋል። ሐጂ ሳይሰሙ እናቶቹ መስማት አለባቸው ብለው በማግስቱ ጠዋት ወጡ።

መጀመሪያ ሐኪም ጋራ ወጡ፣ ኸዲጃ ዘንድ። ኸዲጃ ማሽላዋ መሐል ቆማ ሁሉንም ሰማችና ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አዮ ዐዚዛ፣ ዝንጀሮ የሚያባርርልን ውሻ አለን፤ ከቤት ሰው ሁሉ የሚያዝዘው ኮኖር ብቻ ነው። ስሙን ሳይነግሩት አውቆታል ማለት ነው።» አዋላጇም እየሳቁ ቁልቁለቱን ወረዱ።

ብርነሽ ደግሞ ተናደደች፤ ግን በሌላ ነገር። የኮኖር በዓል መቼ ነው እያለች ሁለት ዓመት ሙሉ ቄሷን ስታስጨንቅ ነበር፤ ቄሱም ይህን ስም ከየት አመጣሽው እያሉ መጻሕፍት አገላብጠዋል። አሁን ሄዳ ከብት ጠባቂ ነው ልትላቸው ነው? ቢሆንም ልጁ በዚህ ስም ለምዷልና አልቀይርም አለች። ሌሎቹም እንዲሁ፤ አንዷ ሳቀች፣ አንዷ አዘነች፣ አንዷ ባሌን ልጠይቅ አለች። ከባዱ የወይዘሮ ዐብላ ደጅ ነበር። ወይዘሮ ዐብላ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ ተነሡ፣ በሩን ከፈቱ። «ልጄ ላይ ውሻ አወጣሽበት» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ወይዘሮ ዐዚዛ ያን ዕለት ወደ ቤታቸው የገቡት በጓሮ መንገድ ነው፤ ሰው እንዳያናግራቸው።

ሰባተኛው ቀን ደረሰ። ለዐቂቃው፣ ለስም ማውጫው ድግስ፣ ሁለት በግ ታርዷል፣ የልጁ ፀጉር ተላጭቷል። የሐጂ ቤት መደቦች በሰው ተሞልተዋል፤ ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በአንድ በኩል። ወሬው ቀድሞ ገብቷል፤ ሁሉም የሚያየው ወይዘሮ ዐዚዛን ነው። ወይዘሮ ዐብላም መጥተዋል፤ ከፊት ተቀምጠዋል። ፋጡማ ሕፃኑን ታቅፋ እናቷን ታያለች።

ሐጂ መልሱን ጠየቁ። ወይዘሮ ዐዚዛ ቆመው ሁሉንም ነገሩ፤ ወንዙን፣ የዱቄት ከረጢቱን፣ ወንድምየውን፣ ውሻውን። አንድም አልዘለሉም። ሲጨርሱ ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ የሚያውቋቸው ሁሉ ትንፋሻቸውን ያዙ።

«እንግዲህ ሰውየው ወሊይ አይደለም ነው የምትይው?»

«አይደለም ሐጂ። ከብት ጠባቂ ነው።»

«እሱን የሚለምን ሰው የለም?»

«እህቱ እንደጻፈችው ከሆነ፣ ዱዓ የሚያስፈልገው እሱ ራሱ ነው።»

የሐጂ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ሰው የተቆጡ መስሎት ነበር፤ ሳቃቸውን ይዘው ኖሯል። «አልሐምዱሊላህ!» አሉ። ከዚያ ቤቱ ያልጠበቀውን ተናገሩ። ውሻው አይደለም ሲያሳስባቸው የከረመው። የከተማው ሴቶች ሞትና ሕይወት መሐል ሆነው፣ ማን እንደሆነ የማያውቁትን ከአላህ ጋር እየጠሩ ነው ብለው ነበር የፈሩት፤ የልጅ ልጃቸውም በዚያ ሊጠራ ነው ብለው ሦስት ወር በወጉ አልተኙም። አሁን ግን ነገሩ አንዲት እህት ወንድሟን ተንፍስ ብላ መጥራቷ ከሆነ፣ ልጅን በስሙ መጥራት ምን ኀጢአት አለው? ሕይወቱን የሰጠው አላህ ነው፤ ስሙም ስም ነው።

ወይዘሮ ዐዚዛ ያን ያህል የፈሩት ቃል፣ ወሊይ አይደለም የሚለው፣ ያዳናቸው እሱ ሆነ። መደቡ ላይ ቁጭ አሉ።

ወይዘሮ ዐብላ ግን አልጨረሱም። «ሐጂ፣ እሱስ ይሁን። ውሻውን ምን እናድርገው? ልጆቻችን ውሻ ወዳድ ተብለው ይደጉ?»

ሐጂ ወደ እሳቸው ዞሩ። «ዐብላ፣ በየጁምዓው ሱረቱል ከህፍን ትሰሚያለሽ። ዋሻው ውስጥ የተኙት ወጣቶች ደጃፍ ላይ እጆቹን ዘርግቶ የተኛው ማን ነበር?»

«ውሻው» አሉ ወይዘሮ ዐብላ።

«ሦስት ነበሩ አራተኛቸው ውሻቸው ነው፣ አምስት ነበሩ ስድስተኛቸው ውሻቸው ነው ተብሎ ሲነገር፣ አላህ ከቁርኣኑ ያላወጣውን እኔ ከስም ላውጣው? ቤት አናስገባው፤ ዕቃችንን እንጠብ። መጥላት ግን አልታዘዝንም።»

ከዚያ ሕፃኑን ተቀበሉ። በቀኝ ጆሮው አዛን አሉበት። ቤቱ አንገቱን አስግጎ ሲጠብቅ፣ ሐጂ ቀና ብለው አማቻቸውን በሹክሹክታ እንዴት ነው የሚባለው ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ ዐዚዛ ነገሯቸው። ሐጂ ሞከሩት፤ ጫፉ ጠፋባቸው። ወይዘሮ ዐዚዛ ደግመው አሉላቸው። በሦስተኛው ተሳካ፤ «ኮኖር» ሲሉ ከሴቶቹ በኩል እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው ምንም አልቀረው። ፋጡማ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ታለቅስ ነበር። ዑመር ለማን እንደሚያሳልፍ ጠፍቶት የሥጋውን ሳሕን ይዞ ይዞራል።

ወይዘሮ ዐብላ እልል አላሉም። ምግቡም ሲቀርብ ትንሽ ቆረስ አድርገው ተዉት። ሰው ወሬውን ሲጀምር ግን ተነሥተው መጡና ከወይዘሮ ዐዚዛ ጎን ተቀመጡ። ታላቋ ልጃቸው ሰባተኛ ወሯን ይዛለች፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ፊታቸውን ሳያዞሩ ተናገሩ።

«ለሴትዮዋ ሌላ ደብዳቤ ይጻፍላት። ለሴት ልጅ የሚሆን ስም እንዳላቸው ጠይቂልኝ።»

ወይዘሮ ዐዚዛ እሺ አሉ።

«ትርጉሙን ግን አስቀድማ ትላክ» አሉ ወይዘሮ ዐብላ። «ውሻም ይሁን ድመት፣ ልጅቱ ሳትወለድ እንወቀው።»